ከአንዱ ቮይስ ወደ ሌላው የሚሻገር ስለር፦ በሙዝስኮር 4

ሙዝስኮር 4 የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ስለር ደግሞ ኖታዎችን አያይዞ እንዲዜሙ የሚያመለክት ቅስት መስመር ነው። አንድ ስታፍ (ኖታ የሚጻፍባቸው አምስት መስመሮች) ላይ ሶፕራኖና አልቶ፣ ማለትም ላይኛውና ታችኛው የሴት ድምፅ፣ ተጽፈዋል እንበል። ሶፕራኖው በቮይስ 1፣ አልቶው በቮይስ 2 ነው፤ ቮይስ ማለት አንድ ስታፍ ላይ ራሱን ችሎ የሚሄድ የዜማ መስመር ነው። ዜማው ከላይ፣ በቮይስ 1 ተጀምሮ፣ ቮይስ 1 እረፍት ሲገባ ሦስተኛው ምት ላይ ታች በቮይስ 2 ወዳለው «ሚ» ይወርዳል። ስለሩም አብሮት መውረድ አለበት።

መጀመሪያ የኖታ ማስገቢያውን በኤስኬፕ ይዝጉ። ዜማው የሚጀምርበትን ኖታ ይጫኑ፤ ቮይስ 1 ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ኮንትሮልን እንደያዙ (በማክ ኮማንድ) መድረሻውን «ሚ» ይጫኑ፤ ይህኛው አረንጓዴ መሆን አለበት። ሁለቱም ሰማያዊ ከሆኑ የተሳሳተ ኖታ ይዘዋል። አሁን የኤስ ፊደልን ይጫኑ። አለቀ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከኮንትሮል ይልቅ ሺፍት ሲይዙ ነው። ሺፍት በመካከል ያለውን ሁሉ ስለሚመርጥ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቮይስ የየራሱን ስለር ይሠራል፤ የሚሻገር ግን አይኖርም። የመጀመሪያውን ኖታ ብቻ መርጠው ኤስን ከተጫኑ ደግሞ ስለሩ እዚያው ቮይስ ውስጥ ወዳለው ቀጣይ ኖታ ይሄዳል። በኮንትሮልና ዜድ መልሰው እንደገና ይጀምሩ።

ስለሩ ከላይ ይሁን ከታች የሚለው የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ የኤክስ ፊደል ይገለብጠዋል። ስቴሞቹ (የኖታዎቹ ዘንጎች) ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚለያዩ ከሁለት አንዱ ጫፍ ከስቴም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ያን ጊዜ ጫፉን በመያዣው ትንሽ ብቻ ይጎትቱ። በእጅ የጎተቱት ርቀት የሚዠሩ (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው የምቶች ክፍል) ስፋት ሲቀየርም እንዳለ ስለሚቀር፣ ይህን መጨረሻ ላይ፣ የገጹ አሰላለፍ ካለቀ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። ካበላሹት ኮንትሮልና አር ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

የተደበቀ ኖታ ጨምሮ ስለሩን እሱ ላይ ማሰር የቆየ ዘዴ ነው። እዚህ አያስፈልግም። የግድ ከተጠቀሙበት ግን በቪ ፊደል መደበቅ ድምፁን አያጠፋም፤ ባሕርያት ከሚለው ፓነል ማጫወቻውን ካላጠፉት ኖታው ሁለቴ ይሰማል።

በፒያኖ ዜማው ከቀኝ እጅ ስታፍ ወደ ግራው ሲወርድ ቮይስ ባይቀይሩ ይመረጣል። ኖታውን መርጠው ኮንትሮል፣ ሺፍትና የታች ቀስትን አንድ ላይ ይጫኑ። ኖታው ታችኛው ስታፍ ላይ ይታያል፣ ቮይሱ ግን ያው ነው፤ ስለሩም እንደ ተራ ስለር ይሠራል።

ሁለቱ ኖታዎች አንድ ዓይነት ከፍታ ካላቸውና ድምፁ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከፈለጉ ግን የሚያስፈልገው ታይ የሚባለው ሌላው ቅስት ነው። በስለር ቢያያይዟቸው ሁለተኛው ኖታ እንደገና ይመታል።