ዝረራ የሌለው ከባድ ሚዛን፦ ተስፋውን የሚያበላሹ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ዘጠና አምስት ኪሎ የሚመዝን፣ እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ንቁ የሆነ ልጅ ቦክስ ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይዘርራል ወይ?» አልዘርር ካለ «ቁመናው ብቻ ነው» ይባልና ይተዋል። ፍርዱ የችኮላ ነው። በከባድ ሚዛን ታሪክ በነጥብ እያሸነፉ እስከ ሻምፒዮናው ቀበቶ የደረሱ አሉ። ሳንሸፋፍን ለመናገር ግን እንዲህ ላለው ቡጢኛ የስህተት ቦታው ጠባብ ነው። በዝረራ የሚታወቅ ሰው ዘጠኝ ዙር ተበልጦ በአሥረኛው ሊጥል ይችላል። የማይዘርረው ግን ያስነጠቀውን ዙር የሚያስመልስበት አንድ ቡጢ ኪሱ ውስጥ የለውም።

ሳይመረምሩ «ጉልበት የለውም» ማለት

ብዙ ጊዜ ጉልበቱ አለ፤ መንገድ ላይ ይባክናል። ቡጢ የሚነሣው ከኋላ እግር ጣቶች ነው፤ ወደ ዳሌ ይወጣል፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጡጫ። አንዱ ጋ ከላላ የሚደርሰው የክንድ ክብደት ብቻ ይሆናል። ቴክኒክ የሚያውቁ ልጆች ላይ በብዛት የምናየው ጉድለት እየመቱ ማፈግፈግ ነው፤ ለማምለጥ ስለሚቸኩሉ ክብደታቸው ከቡጢው ጋር አይሄድም። ከሩቅ የመምታት ልማድም አለ፤ ክንዱ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ የሚያርፍ ቡጢ ይነካል እንጂ አይገባም። ሌላው ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ የሚቀር ነው፤ ተረከዝ ካልዞረ ዳሌ አይዞርም። ጡጫውን በሚያርፍበት ቅጽበት የማይጨብጥም አለ፤ የእጅ አንጓው ስለሚታጠፍ ኃይሉ እዚያው ይቀራል፣ ጉዳትም ያመጣል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ቡጢኞቻችን አብዛኞቹ ቀላል ሚዛን ናቸው። ዘጠና አምስት ኪሎ የሆነ ልጅ ከስድሳና ሰባ ኪሎ ጓደኞቹ ጋር ዓመት ሙሉ ሲለማመድ «ቀስ በል፣ እንዳትጎዳው» እየተባለ ነው። ፍጥነትና ዓይን ያገኛል፤ እጁን መያዝም አብሮ ይለምዳል። ያ ልማድ ውድድር ላይ ብቻውን አይለቅም።

ምርመራው ቀላል ነው። ስልክ በወገብ ከፍታ፣ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ከጎን በኩል ይቀመጥ። ሁለት ዙር ተንጠልጣይ ከረጢት ይምታና ቪዲዮው በዝግታ ይታይ። ከረጢቱ ርቆ እየተወዛወዘ የሚመለስ ከሆነ ልጁ እየገፋ ነው፤ ባለበት ደንግጦ ከታጠፈ መትቷል። ለማስተካከል ለአንድ ወር ከረጢት ላይ ቡጢ ሳይደራርብ፣ አንድ አንድ እየመታ፣ በየመካከሉ እግሩን መልሶ እያስተካከለ ይሥራ። ለፍንዳታ ኃይል ሦስት ኪሎ የሚሆን አሸዋ የተሞላ ኳስ ግድግዳ ላይ በዳሌ ማዞር መወርወር ጥሩ ነው፤ አምስት ጊዜ በየጎኑ፣ አራት ዙር፣ በየመካከሉ ሁለት ደቂቃ እረፍት። እረፍቱን ያሳጠረ ሰው የሚያዳብረው ትንፋሽ ነው። ሁለት መቶ ፑሽ አፕም እንዲሁ፤ ለትዕግሥት ይጠቅማል፣ ለዝረራ ግን ፋይዳው ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቡጢው ሰው የማይጥል ሊሆን ይችላል። ያኔ ተፈጥሮው ነው፤ የሚከተሉት ለእሱ ናቸው።

«ጣለው!» ስለተባለ ዝረራ ማሳደድ

ከገመዱ ውጭ ያለው ሰው ሲጮህ መጀመሪያ የሚጠፋው ጃቡ፣ ማለትም በፊት እጅ የሚሰነዘረው ቀጥተኛ ቡጢ ነው። ቀጥሎ ቀኝ ትከሻው ይወርዳል፣ እጁ ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላ ይሳባል፤ ተቃዋሚው ያን አይቶ ይጠብቀዋል። በአማተር ሦስት ዙር፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። አንዱን ዙር በትላልቅ የሳቱ ቡጢዎች ያባከነ ሰው ሁለተኛውን በድካም ያስነጥቃል።

ዩክሬናዊው ከባድ ሚዛን ኦሌክሳንደር ኡሲክ እንግሊዛዊውን አንቶኒ ጆሹዋን እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን፣ በ2022 ጅዳ ላይ ሲያሸንፍ በሃያ አራቱ ዙር አንድ ጊዜም አልጣለውም። በመጀመሪያው ግጥሚያ ኡሲክ 100 ኪሎ ገደማ፣ ጆሹዋ 109 ገደማ ነበር። ኡሲክ ታይሰን ፉሪን በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ዳኛ እስኪቆጥርበት የመታው በዘጠነኛው ዙር ነው፤ ከዚያ በፊት ስምንት ዙር ሲያዳክመው ቆይቶ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ተቃዋሚው ሳይፈራ እንዲራመድ መፍቀድ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ብዙ ባለ ጥበብ ቡጢኞች ያበቁትም እዚህ ላይ ነው። የማያም ቡጢ ያለውን ሰው ግዙፍ ተቃዋሚ ጃቡን ግንባሩ ላይ እየተቀበለ ገብቶ ገመድ ላይ ይጥለዋል። ፕሮፌሽናል ከባድ ሚዛን ከ90.7 ኪሎ በላይ ጣሪያ የለውም፤ ዘጠና አምስት ኪሎ የሆነ ሰው መቶ ሃያ ኪሎ ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ መጣል ባይችልም ማስቆም መቻል አለበት። እነዚህ በጉልበት ሳይሆን በቦታና በጊዜ የሚሠሩ ናቸው፦

ጃብ ወደ ደረት። ጉልበቱን አጥፎ፣ የፊት እግሩን በግማሽ ጫማ አስገብቶ፣ ከጡት አጥንት በታች ያሳርፍ። ደረት እንደ ጭንቅላት አያመልጥም፤ ወደፊት የሚራመደውን ሰው እግሩ ላይ ያስቆመዋል። በመጀመሪያው ዙር የመጀመሪያ ደቂቃ ሁለት ጊዜ በሙሉ ክብደት መግባት አለበት። ተቃዋሚው የዚያን ቀን እንዴት እንደሚራመድ የሚወስነው በዚያች ደቂቃ ነው።

የጉበት ሁክ (ክርን ታጥፎ ከጎን የሚገባ ቡጢ)። ከተቃዋሚው በስተቀኝ፣ ከጎድን አጥንቱ ጫፍ ሥር። በግራ እጅ፣ ወደ ግራ ረግጦ፣ ክርኑን ከዳሌ ጋር አቀራርቦ። እዚህ ቦታ መካከለኛ ቡጢ እንኳ ይበቃል። የተለመደው ስህተት ከፊት ሆኖ መሞከር ነው፤ የተቃዋሚው ክርን ያግደዋል፣ ቀኝ እጁም አገጭ ያገኛል። መጀመሪያ ወደ ጭንቅላት አንድ ሁለት ልኮ ጋርዱን (የሚከላከልበትን እጅ) ማስነሣት ያስፈልጋል።

መተቃቀፍ። ግንባሩን በተቃዋሚው አገጭ ሥር፣ እጆቹን ከብብቱ በታች አስገብቶ፣ ክብደቱን አስደግፎ መያዝ። ዳኛው «ተለያዩ» እስኪል እያረፈ ያለው እሱ ነው። በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ግን ራሱ ይደክማል፣ ይቀጣልም። ይህን ለመለማመድ ከባድ ጓደኛ ከሌለ ሁለት ሰዎች መከለያ ፓድ ይዘው ሠላሳ ሠላሳ ሴኮንድ እየተቀባበሉ ይግፉት፤ እሱ ደግሞ ሳያፈገፍግ ወደ ጎን እየዞረ ይውጣ።

በቀጥታ መስመር ወደ ኋላ መሄድ ሁለት እርምጃ ብቻ ይፈቀድ፤ ሦስተኛው የግድ ወደ ጎን ይሁን። ኤዲ ቻምበርስ ጎበዝና ፈጣን ነበር፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2010 በቭላዲሚር ክሊችኮ ረጅም ጃብ ሲገፋ አምሽቶ አሥራ ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ አምስት ሴኮንድ ሲቀረው ተዘረረ። ክሪስ በርድም በዚሁ ክሊችኮ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። በርድ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ75 ኪሎ ብር ያገኘ ሰው ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ማሰሩ ብዙ ይናገራል። የቭላዲሚርን ወንድም ቪታሊ ክሊችኮን በ2000 ያሸነፈው ቪታሊ በትከሻ ጉዳት ከዘጠኝ ዙር በኋላ ሲያቋርጥ ነው፤ በነጥብ ቪታሊ ይመራ ነበር። የሳተ ቡጢ ትከሻ ይበላል፤ ግራኙ በርድ ደግሞ ማሳት ያውቅ ነበር።

ማምለጥን እንደ ነጥብ መቁጠር

አሜሪካዊው ከባድ ሚዛን ጂሚ ያንግ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1976 መሐመድ አሊን ሲገጥም አሊ በጥሩ አቋም ላይ አልነበረም፤ ያንግ ግን ሲጨነቅ ጭንቅላቱን ከገመዱ ውጭ እያወጣ ስድስት ጊዜ ፍልሚያውን አቋረጠ። አንዴ እንደ ወደቀ ተቆጠረበት። አሥራ አምስቱ ዙር ሲያልቅ ሦስቱም ዳኞች ለአሊ ሰጡ። ያው ሰው በመጋቢት 1977 ሳን ሁዋን ላይ ጆርጅ ፎርማንን በአሥራ ሁለት ዙር በነጥብ አሸነፈ፤ በመጨረሻው ዙር ጥሎታልም። እጁ በዓመት ውስጥ አልከበደም። ያን ቀን ከእያንዳንዱ ማምለጥ በኋላ መልስ ነበረው።

ዳኞች ጎንበስ ብለህ ያሳለፍከውን ቡጢ ሳይሆን አንተ ያሳረፍከውን ነው በቀላሉ የሚያዩት። ስለዚህ ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ ፓድ ያዡ ሲሰነዝር ማምለጥ፣ በዚያው ቅጽበት ሁለት መልስ፣ ከዚያ ወደ ጎን መውጣት። መልስ ያልተከተለው ማምለጥ እንደ ስህተት ይቆጠር። በግጥሚያም የልውውጡ የመጨረሻ ቡጢ የእሱ ይሁን፤ የዙሩ የመጨረሻ ሠላሳ ሴኮንድ ደግሞ በተለይ።

ጉልበት ፍለጋ ኪሎ መቆለል

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ዲዮንቴ ዊልደር 96 ኪሎ፣ ፉሪ 116 ኪሎ ነበሩ። ሁለት ጊዜ የወደቀው ፉሪ ነው። በየካቲት 2020 ፉሪ 124 ኪሎ ገደማ ሆኖ ተመለሰና በሰባተኛው ዙር አሸነፈ፤ ክብደቱ የጠቀመው አብዛኛውን ላይ ላዩ እየተደገፈ ለማድከም ነው። ያ ለሁለት ሜትር ከስድስት ሰው የሚሆን ነው፤ ለአንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ግን እግር ማሰር ይሆናል።

መጨመር ካስፈለገ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ፤ በስድስተኛው ዙር የሚያሳርፈው የቡጢ ቁጥር መቀነስ ከጀመረ ይቁም። ጾመኛ ከሆነ በሁዳዴ አይጀምረው። ለዘጠና አምስት ኪሎ ሰው በቀን 150 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ 25 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ለውዝም እንደዚያው። በሶ፣ ሽሮና እንጀራ ሲታከሉበት ይደረሳል፣ ግን ሆድ ሞልቶ ነው። በጾም ያለውን መጠበቅ፣ መጨመሩን ለፍስክ መተው።

በደጋ ሳንባ መተማመን

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ የሠራ ሰው ዝቅ ሲል ትንፋሽ ይተርፈዋል። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ውድድሩ ቆላ ላይ ከሆነ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አሥር ቀን ገደማ ይፈልጋል። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ሳምንት መሥራት ርካሽ መፍትሔ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች በሁለት ሳምንት አንዴ ሄዶ ከእኩያ ሚዛን ጋር ባለ 16 አውንስ ጓንት መግጠም ግዴታ መሆን አለበት። ከቀላሎች ጋር ብቻ የሠራ ሰው የመጀመሪያው ከባድ ቡጢ የሚያገኘው ውድድር ላይ ነው።

የጭንቅላትን ሒሳብ መርሳት

የሚዘርር ሰው ሁለት ዙር ሠርቶ ይወርዳል። በነጥብ የሚያሸንፍ ግን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ዙር ስለሚቆይ የሚቀበለው ቡጢ በዓመታት ይከማቻል። አሰልጣኙ ደብተር ይያዝ፦ በየሳምንቱ ስንት ዙር ጠንካራ ልምምድ፣ ስንት ንጹሕ ቡጢ ወደ ጭንቅላት። ጠንካራው ዙር በሳምንት ከስምንት እንዳያልፍ፣ የቀረው ሰውነት ላይ ብቻ ወይም በቀላል እጅ ይሁን። ልምምድ ላይም ቢሆን የተዘረረ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን ጓንት አያድርግ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የእንቅልፍ መዛባት ካለ ቀኑ ቢሞላም ሐኪም ሳያየው አይመለስ።