አዘጋጅም አቅራቢም ሆኖ ቶክ ሾው መሥራት

በአዲስ አበባ ጣቢያዎች ከሚታዩት የቶክ ሾው ፕሮግራሞች ብዙዎቹን የሚሠሩት የአየር ሰዓት ገዝተው ወይም ከጣቢያው ጋር የማስታወቂያ ገቢ ተካፍለው የሚገቡ የግል አዘጋጆች ናቸው። ስለዚህ ስፖንሰር የሚያፈላልገውም፣ እንግዳ የሚጋብዘውም፣ ካሜራ ፊት የሚቀመጠውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ልቡ ጄኔሬተሩ ጋ ያለ ጠያቂ የእንግዳውን መልስ አይሰማም። የአዘጋጅነቱ ሥራ በቀረጻው ዋዜማ አልቆ፣ የቀረው ለሌላ ሰው መሰጠት አለበት።

በመጀመሪያ ገንዘቡ። ቢያንስ ለ13 ሳምንት የሚበቃ ስፖንሰር በጽሑፍ ሳይያዝ የአየር ሰዓት ውል ባይፈረም ይመረጣል። በ2011 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ስለወጣ፣ ያለው አማራጭ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ሪል እስቴትና የመሳሰሉት ናቸው። ከአንድ ትልቅ ስፖንሰር ሦስት ትንንሾች ይሻላሉ፤ ትልቁ የወጣ ዕለት ፕሮግራሙም ይቆማል።

ከቀረጻው በፊት እንግዳውን በስልክ 20 ደቂቃ ያህል ያነጋግሩ። ቀኖችን፣ ስሞችንና የማይነኩ ጉዳዮችን ያጣሩ፤ ዋናውን ታሪክ ግን እንዲተርክልዎ አይፍቀዱ። አንዴ ከተረከው ቀረጻ ላይ «ያን ቀን እንደነገርኩህ» እያለ ያሳጥረዋል። አንቱ ይባል አንተ የሚለውም እዚያው ይወሰን። መሃል ላይ ከአንቱታ ወደ አንተ ከተንሸራተቱ ኤዲተሩ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል መቀየር አይችልም፤ ተመልካቹም ይታዘባል።

በጣም የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ነጠላ የለበሰች እንግዳ ከሆነች ማይኩ ጥለቱ ላይ ሳይሆን ቀሚሷ ላይ ይሰካ፤ ነጠላው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያንኮሻኩሻል። የአንገት ሐብልም ማይኩን እየነካ ይንኳኳል፤ ከፍ ብሎ ይታሰር ወይም ይውለቅ። ንግግሩ በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ በ-12 ዴሲቤል አካባቢ ይቀዳ፣ የሁለቱ ሰዎች ድምፅም በየራሱ ትራክ (የድምፅ መስመር) ይግባ። አቅራቢው «እሺ»፣ «አዎ»፣ «እህ» ማለቱን ትቶ በራስ ንቅናቄ ብቻ ይመልስ፤ መልስ ላይ የተደረበ «እሺ» በእንግዳው ማይክም ስለሚገባ ቆርጦ ማውጣት ያስቸግራል። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ስቱዲዮ አለመከራየት ነው።

ለካሜራው ብዙ አይባልም፦ ሦስት ካሜራ፣ አንዱ ሁለቱን የሚያሳይ፣ ሁለቱ ለየፊቱ፣ ሁሉም ከተነጋጋሪዎቹ በአንድ ወገን የቆሙ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) እና የ1/50 ሰከንድ ሹተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ይጠቀሙ፤ ካለዚያ አንዳንድ አምፖሎች ምስሉን ያርገበግቡታል። ነጭ የአገር ልብስ ከመጠን በላይ ደምቆ ጥለቱና እጥፋቱ እንዳይጠፋ ብርሃኑ በልብሱ ይለካ፣ ፊቱ በተጨማሪ መብራት ይደገፍ።

ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ማስታወቂያው ሲቀነስ 24 ደቂቃ ያህል ይቀራል። 45 ደቂቃ መቅረጽ ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት ከተቀረጸ የሚደክመው ጠያቂው ሳይሆን ኤዲተሩ ነው። ስሜት የሚነካውን ጥያቄ ቀረጻው ሦስት ቦታ ሲከፈል መካከለኛው ክፍል ላይ ያድርጉት፤ መጨረሻ ላይ እንግዳው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። የቀረጻ ፈቃዱን እንግዳው ከወንበሩ ሳይነሳ ያስፈርሙ። ፋይሉ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ከተገለበጠ በኋላም የካሜራው ካርድ ላይ ያለው ፕሮግራሙ አየር ላይ እስኪውል አይሰረዝ።