ቤት ለመሸጥም ሆነ ለመግዛት አገር ቤት ከመግባታችሁ በፊት

ከመስከረም እስከ ጥምቀት ባሉት ወራት ከውጭ የሚገባው ሰው ይበዛል፤ ቤት የሚሸጠውም የሚገዛውም አብሮ ይበዛል። አብዛኛው የሚመጣው የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቤት አይቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ ውል ተዋውሎ፣ ስም አዛውሮ ለመመለስ ያስባል። ወረቀቱ አስቀድሞ ካለቀ ይቻላል። ካላለቀ ግን ቀኑ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሉ ይመሽና በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም ነገር ለአንድ ዘመድ በጥድፊያ በተሰጠ ውክልና ላይ ይወድቃል። ገንዘብ የሚጠፋውም፣ ወንድማማች የሚጣላውም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመስከረም የምታስቡ ከሆነ በሚያዝያ ጀምሩ። በተለይ ቤቱ ከሟች ወላጅ የተወረሰና ስሙ ገና ያልተዛወረ ከሆነ አትዘግዩ። የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ክረምት ላይ ከአጣዳፊ ጉዳዮች በቀር ዕረፍት ይወጣሉ። ወራሾቹ አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ አዳማ ከሆኑ እያንዳንዳቸው ፈርመው ሰነድ መላክ አለባቸው። የአንዱ ፊርማ ከጎደለ ሽያጩ ይቆማል። «እሱ አይቃወምም» የሚለው የእናት ዋስትና መስኮት ላይ አይሠራም።

የቤቱን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አውጡና የባለይዞታውን ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ካርታው ላይ ያለው ስም ከነአባት ከነአያት ነው። ውጭ አገር ዜግነት ስትወስዱ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የአባት ስም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ሴቶች ደግሞ የባል ስም ወስደው ሊሆን ይችላል። የትውልድ ዘመንም በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ሲጓዝ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያየው ሁለት የተለያዩ ስሞችን ነው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ከመምጣታችሁ በፊት መዘጋጀት አለበት።

የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ ይያዝ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዝ ረገድ በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ገደብ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ እንዳይፈጸም ያደረገው በዚህ ካርድ በኩል ነው። በ2017 ሌሎች የውጭ ዜጎችም በቅድመ ሁኔታ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ ወጥቷል። ካርዱ ያለው ሰው ግን በዚያ በር መግባት አያስፈልገውም። ያገባ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፊርማ አለበት፤ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። የተፋታ ሰው የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ይያዝ።

ውክልና ላይ ረጋ በሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አጠቃላይ ውክልና የሚሰጠው ሥልጣን የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው ይላል፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 2205 ይህንን በግልጽ ይዟል። ችግሩ ብዙዎቻችን ኤምባሲ ስንሄድ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በባንክ እንዲያስይዝ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል» እያለ የሚቀጥለውን የተለመደ ቅጽ ሳናነብ መፈረማችን ነው። አንብቡት። የማትፈልጉትን አስወጡ። ቤቱ በካርታ ቁጥሩና በአድራሻው ይጠቀስ። ዝቅተኛው ዋጋ ይጻፍ። ገንዘቡ በስማችሁ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ፣ የሒሳቡ ቁጥር ሳይቀር ይጻፍ። «ሌላ ሰው እንዲወክል» የምትለዋን ሐረግ በተለይ ሰርዙ። ለታናሽ ወንድማችሁ የሰጣችሁት ሥልጣን በዚህች ሐረግ አማካይነት ስሙን እንኳ ሰምታችሁ ለማታውቁት ሰው ይተላለፋል።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። «ወንድሜን አላመንኩትም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ከእናንተም ከእሱም ይነሣል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ጠባብ ውክልና ተወካዩንም ከሐሜት ያድነዋል። ዋጋውን እናንተ ወስናችሁ ገንዘቡም በቀጥታ ሒሳባችሁ ውስጥ ከገባ፣ ነገ የአክስት ልጅ ተነሥቶ «በርካሽ ሸጦ ልዩነቱን በላ» ሊለው አይችልም።

ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠው ውክልና አገር ቤት እንደደረሰ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ብዙ ሰው አሁንም ውልና ማስረጃ በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። አባት በሕይወት ሳሉ በሰጡት ውክልና ከቀብር በኋላ ቤት የሸጡ ልጆች ገዢውንም ራሳቸውንም ለዓመታት ክርክር ይዳርጋሉ።

ደላላው ገዢ አገኘሁ ብሎ ሲደውል ቀብድ ለመቀበል አትቸኩሉ። ውሉ ሌላ ካላለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካልፈጸመ ግን እጥፉን ይመልሳል። ተወካያችሁ አምስት መቶ ሺህ ብር ተቀብሎ እናንተ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ አንድ ሚሊዮን ብር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ደላላ ቢሮ ውስጥ በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀትም የሽያጩን መጨረሻ አያሳይም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለዚህ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል።

ገዢ ከሆናችሁ ቪዲዮ አይታችሁ አትክፈሉ። ቪዲዮው ሳሎኑን ያሳያል፤ ክፍለ ከተማው ውስጥ ያለውን ፋይል አያሳይም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው፤ ያንን መብት የሚናገረው ደግሞ ፋይሉ ነው። ዕዳና እገዳ አለበት? የሊዝ ክፍያ ቀርቶበታል? ካርታው መክኗል፣ ማለትም ተሰርዟል? ሻጩ በእጁ የያዘው ካርታ ንጹሕና ባለማኅተም ሆኖ መዝገቡ ላይ ግን ከመከነ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ቦታው በሜትር ይለካ። ካርታው 200 ካሬ እያለ አጥሩ 240 ካቀፈ፣ ለ40ው ካሬ የምትከፍሉት ገንዘብ ለአጥር ብቻ ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ብዙ ሰፈር ቀይሯልና ቤቱ በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ መውደቅ አለመውደቁ ከፕላኑ ላይ ይታይ። ይህን ሁሉ የሚያጣራው ከሽያጩ ኮሚሽን የማያገኝ ሰው ይሁን።

ኮንዶሚኒየም በዕጣ ከደረሰ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ ማስተላለፍ የተከለከለ ነው። «በውክልና ያዘውና ጊዜው ሲደርስ ይዛወርልሃል» የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ተስፋ ነው፤ ሻጩ ውክልናውን ነገ ሊሽረው ይችላል። ገና ያልተሠራ የሪል ስቴት ቤት የምትገዙ ደግሞ የአክሰስ ሪል ስቴትን ነገር አስታውሱ፤ ከፍለው ቤታቸውን ሳያገኙ ከቀሩት መካከል በውጭ የሚኖሩ ብዙ ነበሩ። የኩባንያውን ማስታወቂያ ትታችሁ የመሬቱን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን ጠይቁ።

በገንዘብ በኩል አንድ የተለመደ አሠራር አለ፦ «ብሩን እዚህ በውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፤ ቀሪውን ዶላር እዚያው አሜሪካ ላለችው እህቴ ስጧት» ይባላል። ሕገወጥ ነው። ከዚያም በላይ ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ ነው፤ ለእህትየው የተሰጠው ዶላር ምስክር የለውም። በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን ያዙ። ሻጮች ደግሞ የሽያጩ ገንዘብ በብር እንደሚገባና ወደ ውጭ ምንዛሪ ቀይሮ ማውጣት ራሱን የቻለ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከባንካችሁ አስቀድማችሁ ተረዱ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የምንዛሪው ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያውቅ ሰው በዶላር አስቦ በብር አይዋዋልም። ለስም ማዛወሪያው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ከሽያጩ ትርፍ ላይ የሚታሰበው የካፒታል ዕድገት ግብርም ሊኖር ስለሚችል፣ የገቢ ግብር ሕጉም በ2017 ስለተሻሻለ፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ስሌቱን ከገቢዎች አስወጡ፤ የትኛውን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ውስጥ ይግባ።

ስሙ ተዛውሮ አዲሱ ካርታ ከወጣ በኋላ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ስም አስቀይሩ። ውክልናውንም በጽሑፍ ሻሩ፤ መሻሩን ለተወካዩና ውክልናው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ከዓመታት በፊት መኪና ለማሸጥ ወይም ቤት ለማከራየት የሰጣችሁትና የረሳችሁት ውክልና ካለም አብራችሁ ሻሩት።