መኪና በትንሽ ውሃ ስናጥብ ቀለሙ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ ለአዳማ ባለመኪና

አዳማ ላይ ጠዋት ተወልውላ የወጣች መኪና ከሰዓት ኮፈኗ ላይ ልጆች "እጠቡኝ" ብለው ይጽፉባታል፣ ውሃ የጠፋ ሳምንት ከሆነ ደግሞ ሰው ደረቅ ጨርቅ ያነሳና ጣጣው እዛ ጋር ይጀምራል። ውሃ ማነሱ በራሱ ቀለም አይጎዳም እኮ፣ የሚጎዳው አቧራው ሳይለቅ መታሸቱ ነው።

ፀሐይ ላይ ክብ ክብ የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ይታያል

ጥቁር መኪና ላይ ይብሳል፣ ነጭ ላይም አለ ግን አይታይም። ምክንያቱ አቧራችን ተራ አፈር ብቻ አይደለም፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ ከድሮ እሳተ ገሞራ የቀረ አመድና ፑሚስ አለበት፣ ፑሚስ ማለት ያው ተረከዝ የምንፈገፍግበት ድንጋይ ነው። እሱን በደረቅ ጨርቅ ወይ በላባ ስትጠርጉ ክሊሩን (ከቀለሙ በላይ የተቀባውን ግልጽ ሽፋን) እየሞረዳችሁ ነው፣ ክሊሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ማለትም የሚሊሜትር 1/20ኛ ቢሆን ነው።

መፍትሄው፣ መኪናዋን ጥላ ስር አቁሙና ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ባለ 5 ሊትር የእጅ ፓምፕ መርጫ ግዙ፣ ጓሮ የሚረጭበት ዓይነት (አዲስ ይሁን፣ የአረም መድኃኒት የነበረበትን እንዳትነኩ)፣ ውሃና ትንሽ የመኪና ሻምፖ አድርጋችሁ ቦዲውን በሙሉ አርሱት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ ግን አይድረቅ፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ከጣሪያው ወደታች እየረጫችሁ አውርዱት። አብዛኛው አሸዋ እጃችሁ ሳይነካው ይወርዳል። ቀጥሎ ሻምፖ ባለበት ባልዲ የተነከረ ማይክሮፋይበር ፎጣ አራት እጥፍ አርጉ፣ ስምንት ፊት ይወጣዋል፣ አንዱን ፊት አንዴ ቀጥ ባለ መስመር ሳትጫኑ አሳልፉና ገልብጡ፣ የቆሸሸውን ፎጣ ወደ ባልዲው አትመልሱት፣ ሌላ አንሱ። ፓራውልትና የፓራፋንጎው ታች መጨረሻ ላይ በሌላ ጨርቅ ይሠራ፣ አሸዋው የሚከማቸው እዛ ነው። በመጨረሻ የቀረውን ሻምፖ በመርጫው አውርዱና በደረቅ ንጹህ ፎጣ አድርቁ። ከተጠነቀቃችሁ ግማሽ ቢጫ ጀሪካን ይበቃል።

ያለ ውሃ ማጠቢያ የሚባለው ስፕሬይ ለስስ አቧራ ብቻ ነው። በጣት የተጻፈ ነገር ከሩቅ የሚነበብ ከሆነ አይሆንም፣ ጭቃ ከሆነማ ጭራሽ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ ላቫጆ ሂዱ።

አንዴ የተጫረውን እጥበት አይመልሰውም፣ ፖሊሽ ነው የሚያወጣው፣ ፖሊሽም ክሊር እየቀነሰ ስለሆነ በየወሩ "ኮምፓውንድ አርግልኝ" አይባልም።

ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል

ውሃው ራሱ ደርቆ ማዕድኑ ሲቀር ነው፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ በፀሐይ ከታጠበ። በቀዝቃዛ ቦዲ ላይ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ አንድ ደቂቃ ያህል አስቀምጡበት፣ ወዲያው በውሃ አጥሩ። ካልለቀቀ ክሊሩን በልቶት ሊሆን ይችላል፣ በጥፍር መቧጨር ዋጋ የለውም።

በነጋታው አቧራው እጥፍ ሆኖ ይለጠፋል

ይሄ የናፍጣ ሥራ ነው። ልጆቹ አጥበው ሲጨርሱ "ጋሼ ትንሽ ናፍጣ ላርግላት?" ይላሉ፣ እኛም ስታበራ ደስ ይለናል፣ የሚያበራው ግን ቅባት ነው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የበር ጎማም ላይ ሲደጋገም ያሳብጠዋል ያላላዋል። ልጆቹ ላይ መቆጣት አያስፈልግም፣ አብሩልኝ የምንለው እኛ ነን። በመኪና ሻምፖ ሁለቴ ታጥቦ ይለቃል፣ ማብራት ከፈለጋችሁ ሰም አለ፣ ሰም የተቀባ ቦዲ ደግሞ አቧራ በቀላሉ ስለሚለቅ ቀጣዩ እጥበት ውሃ ይቆጥባል። ሰሙን ኦሞና የዕቃ ሳሙና ቶሎ ያወርዱታል፣ ውሃ እንደ ድሮው ካልተንከባለለና ቀለሙ ከፈዘዘ መጀመሪያ ሳሙናውን ጠርጥሩ።

የወፍ ኩስ ቦታ ላይ የማይለቅ ምልክት

አሲድነት አለው፣ የአዳማ ፀሐይ ሲጨመርበት ክሊሩን ይበላል። ደረቁን አትፈግፍጉ! እርጥብ ጨርቅ አስር ደቂቃ አልብሱትና ሲለሰልስ ወደ ላይ አንሱት፣ ነገ ብላችሁ አታሳድሩት።

ያለ ውሃ ማጠቢያ ስፕሬይ ካረጋችሁ በኋላ ዥጉርጉር መስመር

ወይ በዝቷል ወይ ቦዲው ሲሞቅ ነው የተረጨው። በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ከዛ በደረቅ ይወጣል፣ ሌላ ስፕሬይ መጨመር ያብሰዋል። ፓራብሬዛውንም አትርሱ፣ አቧራ እንዳለበት መጥረጊያውን በደረቁ ካስነሳችሁ ግማሽ ክብ ጭረት ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ማታ የፊት ለፊት መብራት ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚታየው።