ከሠርጉ በኋላ ሬሳ ሲገኝ፦ ለቆየ የፍቅር ልብ ወለድ የወንጀል ምስጢር ተከታይ እንዴት ይጻፋል?

የፍቅር ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ በሠርግ ወይም በቀብር ያልቃል። አንባቢው ግን መጽሐፉን ከዘጋ በኋላም «ከዚያስ?» ማለቱን አይተውም። ፒ. ዲ. ጄምስ የተባሉት እንግሊዛዊት የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ91 ዓመታቸው፣ ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መለሱት። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ያሳተመችውን የኤልዛቤትና የዳርሲን የፍቅር ታሪክ ወስደው፣ ከጋብቻው ስድስት ዓመት በኋላ በባልና ሚስቱ ግቢ ጫካ ውስጥ አንድ የጦር መኮንን ሞቶ እንዲገኝ አደረጉ። መጽሐፉን ከወዳጄ ተውሼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ የእኛን የቆዩ የፍቅር ታሪኮች በቀድሞው ዓይን ማንበብ አልቻልኩም።

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ የምጽፈው ማታ፣ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በሻማ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ረቂቅ ጥያለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚያ ሁለት ረቂቆች የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን፣ ከዚያ መጽሐፉን

የመጀመሪያው ረቂቄ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታይ ነበር። አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ፤ በእጅ ጽሑፍ 214 ገጽ ሆነ። አንድ አሳታሚ ዘንድ ይዤ ስሄድ ሰውዬው የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ቀና አሉና «የወራሾቹ ፈቃድ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ለአንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ አልመጣም ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ሥራውን ወደ ሌላ ሥራ መለወጥም በዚሁ መብት ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ገና ብዙ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ደራሲው መቼ እንዳረፉ አጣሩና 50 ደምሩበት። ጊዜው ካልደረሰ ወይ ፈቃድ ጠይቁ፣ ወይ ሌላ መጽሐፍ ምረጡ። ለራስ ልምምድ መጻፍን የሚከለክል የለም፤ ለኅትመት አስቦ አሥራ አራት ወር መድከም ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ነው፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ደራሲው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 በመሆኑ የጥበቃው ጊዜ አልፏል። ታሪኩም ለምስጢር የተመቸ ነው፦ ወንድ መስላ በወንድ ልብስ የምትጓዝ ልጅ፣ ዋህድ የሚባል መንትያ ወንድም፣ በመጨረሻም ንግሥት የሚያደርጋት ጋብቻ።

ሦስት ጊዜ ማንበብ

አንደኛው ንባብ ለፍቅሩ ነው፤ እርሳስ አትያዙ። በሁለተኛው ንባብ ከታሪኩ ገብተው የት እንደደረሱ ሳይነገር የቀሩትን ሰዎች ሁሉ መዝግቡ፦ አሽከር፣ መልእክተኛ፣ በቅሎ ጠባቂ፣ እንጀራ ጋጋሪ። በሦስተኛው ንባብ ደራሲው በአንዲት ዓረፍተ ነገር የዘለለውን ጊዜ ፈልጉ። ምስጢሩ የሚበቅለው እዚያ ነው። ከውጭ ተሸክማችሁ የምታመጡት ወንጀል ባዕድ ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢም ወዲያው ያውቀዋል።

ጄምስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በኦስተን መጽሐፍ ዊካም የተባለው አታላይ መኮንን የዳርሲን እኅት ለማስኮብለል ሞክሮ ነበር፤ በኋላም የኤልዛቤትን ታናሽ እኅት ይዞ ጠፋ፤ ዳርሲ ዕዳውን ከፍሎ አጋባቸው። ያ ገንዘብ፣ ያ ውርደት፣ ያ ዝምታ በቤቱ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ስለዚህ ከስድስት ዓመት በኋላ ሬሳው ሲገኝ፣ በደም ተበክሎ አጠገቡ የተገኘው ዊካም መሆኑ አንባቢን አያስገርምም፤ ያስደነግጣል እንጂ። የሚፈለገው ይህ ዓይነቱ ድንጋጤ ነው።

በእኔ መጽሐፍ ያገኘሁት ቀዳዳ የጦቢያ የወንድ ልብስ ነው። አንዲት ልጅ ወንድ መስላ በወንዶች መካከል ስትኖር ያመኗት፣ ምስጢራቸውን የነገሯት፣ ኋላ እውነቱ ሲወጣ ያፈሩ ሰዎች ይኖራሉ። ኀፍረት ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ሰው ያስገድላል።

ወንጀሉ ፍቅሩን እንዳይገድል

ዋናዎቹን ፍቅረኞች አትግደሉ፤ ገዳይም አታድርጓቸው። ተጠርጣሪ ማድረግ ግን ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ይገባል። ፍቅራቸው የሚፈተነው አንዱ ሌላውን ለአንዲት ሌሊት ሲጠራጠር ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጡ ሰው ናቸው። በዚያ በጣልኩት ረቂቅ ጉዱ ካሳ የአንድ ግድያ ምስጢር ደብቆ እንዲኖር አድርጌ ነበር። እርሳቸውም አንብበው በሁለት እጃቸው መለሱልኝና «ልጄ፣ ጉዱ ካሳ እኮ እብድ የተባለው እውነቱን መደበቅ ስላቃተው ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ገጸ ባሕርይው ያልሆነውን እንዲሆን ካስገደዳችሁት፣ ሴራው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን መጽሐፉ ወድቋል።

መርማሪው ማን ነው?

አስቸጋሪው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እርሱ ነው።

የቆየ ታሪክ ስትቀጥሉ ፖሊስ የለም። የእኛ ዘመናዊ ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝም የለንደን ከተማ ፖሊስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1829 በመሆኑ፣ ታሪካቸውን በ1803 ያደረጉት ጄምስ ምርመራውን ለአካባቢው ባላባት ዳኛ ነው የሰጡት። እኔ ግን በሁለተኛው ረቂቄ ከውጭ የተመለሰ አንድ ብልህ ሰው አምጥቼ በአጉሊ መነጽር የጣት አሻራ አስፈለግሁት። ሰማንያ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ስመለከተው ሰውዬው በታሪኩ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ከማንም ጋር አይጣላም፣ ማንንም አይፈራም፣ ጠያቂም ፈራጅም እርሱ ነው። ሰማንያውንም ገጽ ጣልኩት።

መፍትሔው በእጃችን ነበር። አባቶቻችን ወንጀል የሚያወጡበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ሥርዓቱም ከማንኛውም የለንደን መርማሪ ይልቅ ለልብ ወለድ የተመቸ ነው።

አውጫጭኝን ውሰዱ፤ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀል ሲሠራና ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም። አስቡት፦ አዝመራ ደርሷል፣ ከብት ያለ ጠባቂ ቀርቷል፣ የሚያጠቡ እናቶች ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ ስም ይጠራል። ያ ስም እውነት ነው ወይስ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ለመመለስ ስለቸኮለ ብቻ የተጠራ? እኔ የመጀመሪያውን የሐሰት ክስ የማስገባው እዚህ ላይ ነው፤ የመጽሐፉ ሲሶ አካባቢ።

ሌባ ሻይ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የሚወድቅበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ደራሲ መጠየቅ ያለበት ልጁ የት እንደወደቀ አይደለም፤ መድኃኒቱን ማን በጠበጠው? ከልጁ ኋላ ኋላ የሚሄደው ሰው ወደየት ይመራው ነበር? በዚህ ምዕራፍ ልጁን እንደ ዕቃ አትጠቀሙበት። ሲነቃ ምን እንደሚያስታውስ፣ ማንን እንደሚፈራ ጻፉ። በእኔ መጽሐፍ ቁልፉን ፍንጭ የያዘው እርሱ ነው።

ከሁሉም የምወደው ቁራኛን ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይጓዛሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች በአንድ ቋጠሮ አራት ቀን ሲሄዱ የማይወጣ ምስጢር የለም። አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ይናገራል፣ ሌላው ወንዝ ሲሻገሩ ሊያመልጠው ይችል የነበረውን ሰው ከመስጠም ያድነዋል። እነዚያን አራት ቀናት ስጽፍ ሴራውን ራሴ ከማውቀው በላይ ተረዳሁት። የተቋጠሩት ሁለቱ አንዲትን ሴት ያፈቀሩ ከሆኑማ፣ የፍቅሩና የወንጀሉ ታሪክ ያለ ምንም ትግል አንድ ይሆናሉ።

ችሎቱ በበላ ልበልሃ ሙግት ይሂድ። ተሟጋቹ በግጥምና በምሳሌ ሲናገር፣ በማር ወይም በበቅሎ ሲወራረድ ፍንጭን በቃላት ጨዋታ ውስጥ መሸሸግ ይቻላል፤ አንባቢው ለውበቱ ሲያደንቀው ፍንጩ ያልፈዋል።

እውነቱን ፈልፍላ የምታወጣው ግን ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። ወንዶቹ በአደባባይ የሚደብቁትን ሴቶቹ ምንጭ ወርደው፣ ገበያ ውለው ይሰሙታል። ማንም ስለማይጠረጥራት በየቤቱ ትገባለች፤ ማዕረግ ስለሌላት ደግሞ ያወቀችውን ማሳመን ይቸግራታል። ያ ችግር ለታሪኩ ሞተር ነው።

ቀኑንና መንገዱን በደብተር

ገዳዩን አስቀድማችሁ ወስኑና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አቅዱ። ለዚህ ሥራ ባለመስመር ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በስልክ የጻፍኩትን ሠንጠረዥ ስልኩ ሲበላሽ አጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለዕቅድ በስልክ አልታመንም፤ ኮምፒውተሩንም የማበራው ለመጨረሻው ግልባጭ ብቻ ነው። በደብተሩ በአንድ ገጽ የመንገዱን ካርታ፣ በሌላው እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የት እንደነበረ አስፍሩ። ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በበቅሎ ቀን፣ ሰዓትም በጥላ ርዝመት ይለካ።

ባሕረ ሐሳብን ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። እኔ በሁለተኛው ረቂቅ ግድያው የተፈጸመበትን ሠርግ ሳላስበው ዐቢይ ጾም ውስጥ ደግሼው ነበር፤ ሙሉ ፍሪዳ ተጥሎ! በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ቀኑን ቆጥረው ሲነግሩኝ አሥር ምዕራፍ አብሮ ተናጋ፤ የምስክሮቹ ሁሉ ቃል በዚያ ቀን ላይ የተመሠረተ ነበርና። እግረ መንገዳቸውንም ምስክሬ ገዳዩን በጨረቃ ብርሃን ያየበት ሌሊት ጨረቃ የሌለበት መሆኑን ነገሩኝ። ይህኛውን አላረምኩትም። ምስክሩን ሐሰተኛ አደረግሁት፤ አሁን ከመጽሐፉ ምርጥ ፍንጮች አንዱ ነው።

ለዘመኑ ዕቃና ልማድ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሂዱ። ከየካ አባዶ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለመድረስ ጧቱን ይወስዳል፤ ቢሆንም ከድሮ ጋዜጣ አንድ ገጽ የምታገኙት ከብዙ ግምት ይሻላል።

በቋንቋ ረገድ የቀድሞውን ደራሲ አትምሰሉ። ለዘመኑ ባዕድ የሆነ ቃል ብቻ አስወግዱ፤ የቀረውን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉት።

ሦስት ወረቀት

ረቂቁ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ገንጥላችሁ አስቀሩና የቀረውን ለሦስት ሰዎች ስጡ። አንዱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በቃሉ የሚያውቅ፣ አንዱ ጨርሶ ያላነበበው፣ አንዱ ደግሞ የወንጀል ታሪክ ወዳድ ይሁን። እኔ እሑድ ከቡና በኋላ ሦስቱንም ሰብስቤ ትንሽ ወረቀት አደልኳቸው፤ እያንዳንዱ የገዳዩን ስምና ምክንያቱን ሳይነጋገር ጻፈ።

ሦስቱም ትክክለኛውን ስም ከጻፉ ፍንጩ በዝቷል። ማንም ካልጻፈና መልሱ ሲነገራቸው «ከየት መጣ?» ካሉ ፍንጩ አንሷል። አንዱ አግኝቶት፣ ሁለቱ ደግሞ ሲሰሙ ገጹን ወደ ኋላ ገልጠው «እዚህ ጋ ነበር!» ካሉ በቂ ነው።

የእኔን ሦስት ወረቀት ስከፍት ሁለቱ ተሳስተዋል። ሦስተኛው የእኚያ የታችኛው ፎቅ እናት ነበር። የገዳዩን ስም በትክክል ጽፈው ከሥሩ «ልጁ ሲነቃ ውኃ የጠየቀው ከእርሱ አልነበረም» የሚል አክለዋል። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው። አሁን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።