የቡፌ ብርጭቆ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲፈተሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አያት፣ ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የሚቀይር ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በቡፌው ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ አያሳልፈውም። ስለዚህ ይሸጣል። ውስጡ የነበረው የአበባ ማስቀመጫ፣ የከረሜላ ሳህንና ብርሌ ወይ ለዘመድ ይታደላል፣ ወይ ቆራሌው ይወስደዋል። ከዚህ መሀል አንዳንዴ ደህና ዕቃ ይገኛል።

እሱን ለመለየት አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየው ጨረር የሚያበራ ባትሪ ጥሩ መሣሪያ ነው። የሚነግረን ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርጭቆው ሲሠራ ምን ማዕድን እንደገባበት። ዕድሜውን፣ የሠራውን ሰውና ዋጋውን አያውቅም። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመዘንጋት ነው።

በቀን መፈተሽ

ከሰዓት በረንዳ ላይ አብርቶ "ምንም የለውም" ማለት። ፍካቱ፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ብርጭቆው ራሱ የሚያወጣው ብርሃን፣ በደንብ የሚታየው በጨለማ ነው። መጋረጃ ዝጉ ወይም እስኪመሽ ጠብቁ። እኛ ሰፈር በዚህ በኩል ችግር የለም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ላቦራቶሪው ክፍት ነው።

የባትሪውን ነጸብራቅ ፍካት ነው ማለት

ርካሾቹ ባትሪዎች አብዛኞቹ 395 ናኖሜትር ናቸው (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው)። ከአልትራቫዮሌቱ ጋር ዓይን የሚያየው ሐምራዊ ብርሃንም ይረጫሉ። ያ ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ላይ ያርፋል፤ ጀማሪውም "አበራ!" ብሎ ይዘላል። እውነተኛ ፍካት ከባትሪው ብርሃን የተለየ ቀለም አለው። ባትሪውን ስታንቀሳቅሱ ላዩ ላይ አይንሸራተትም፤ ብርጭቆው ራሱ የበራ ይመስላል። 365 ናኖሜትር የሆነውና ጥቁር ማጣሪያ ያለው ባትሪ ይሻላል። ከተቻለ ግን ሁለቱም ይኑሯችሁ። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ዩራኒየም ነው ማለት

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ይኼኛው ነው። ዩራኒየም ያለበት ብርጭቆ በ395ም በ365ም ሲበራበት ዓይን የሚወጋ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። በቀን ሲታይ ግን ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ወይም ቫዝሊን የመሰለ በሁለቱ መሀል ያለ ቀለም ሊኖረው ይችላል። ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወተት የመሰለም አለ።

በተቃራኒው፣ በቀን አረንጓዴ የሆነ ተራ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ ቀለሙን የሚያገኘው አሸዋው ውስጥ ካለ ብረት ነው። ጠርሙስ ላይ የምናየው አረንጓዴነት አንዱ ምንጩ ይኼ ነው። ብረት ደግሞ አይፈካም። ስለዚህ ዓይናችሁ አረንጓዴ ያየው ሊጨልም፣ ቢጫ ያየው አረንጓዴ ሊፈካ ይችላል።

ሌላም አሳሳች አለ። ብርጭቆ ሠሪዎች ያንን የብረት አረንጓዴነት ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም አልባ ብርጭቆ በ365 ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይፈካል፤ በ395 ግን እምብዛም አይታይም። በአንዱ ባትሪ ብቻ፣ ያውም ደከም ብሎ ከታየ ማንጋኒዝ ጠርጥሩ። ወደ ቢጫና ብርቱካናማ የሚያደላ ፍካት ካድሚየምን፣ ወደ ሮዝ የሚያደላው ሴሌኒየምን ያስጠረጥራል። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ጋይገር የሚባለው የጨረር መለኪያ ዩራኒየም መሆን አለመሆኑን ይለያል።

በኦሞ አጥቦ በደንብ አለማለቅለቅ

የልብስ ሳሙና ውስጥ ነጭ ልብስ የሚያደምቅ ንጥረ ነገር ይገባል። እሱ በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የዋጋ ወረቀትና ሙጫውም እንደዚያው። በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ አብሩ። ሙጫ መፍካቱ ግን ጥቅምም አለው። ተሰብሮ የተጣበቀ ዕቃ ከሆነ ሻጩ ያልነገራችሁ መስመር ብዙ ጊዜ ቦግ ይላል።

"ካበራ ጥንታዊ ነው"

ሻጩ "ከጃንሆይ ግቢ የወጣ ነው" ሲል ባትሪው ምስክር አይሆንለትም። ክላፕሮት የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ዩራኒየምን ያገኘው በፈረንጆች 1789 ነው። በ1830ዎቹ ቦሄሚያ ውስጥ ፍራንዝ ክሳቨር ሪደል የዩራኒየም ብርጭቆ በሰፊው ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ዩራኒየሙን ለቦምብ ስለፈለገችው ለብርጭቆ ሠሪዎች ተከለከለ፤ እስከ 1958 ድረስም አልተለቀቀላቸውም። ከዚያ በኋላ እንደገና ተጀመረ፣ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ያበራው ሳህን የአምናም ሊሆን ይችላል።

ዕድሜ የሚፈለገው ከታች ነው። ዕቃውን ገልብጡት። የፋብሪካ ምልክት አለው? የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ መስመር ይታያል? በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ከሆነ መሀል ላይ ሲሠራ ከያዘው የብረት ዘንግ የተላቀቀበት ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ለዓመታት የተነሳና የተቀመጠ ዕቃ መቀመጫው ላይ ያለ ሥርዓት የተበታተኑ ጥቃቅን ጭረቶች አሉት። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ሰው በብርጭቆ ወረቀት እንዳሻሸው ጠርጥሩ።

ዩራኒየም ሲባል መደንገጥ፣ ክሪስታል ሲባል መዘናጋት

በተለመደው የዩራኒየም ብርጭቆ ውስጥ ዩራኒየሙ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለጌጥ ቡፌ ውስጥ ቢቀመጥ የሚያስበረግግ አይደለም። አትቁረጡት፣ አትሞርዱት፣ ጠጅም ሆነ ምግብ አታቅርቡበት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የክሪስታሉ ጠርሙስ ነው። በአውሮፓ ሕግ ሊድ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ማዕድን ኦክሳይድ ያስፈልጋል። አረቄ ወይም ወይን ለሳምንታት ሲቀመጥበት ማዕድኑ ወደ መጠጡ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ቀድቶ ማቅረብ ሌላ፣ እስከ ፋሲካ ሞልቶ ማስቀመጥ ሌላ። ይህን ለመለየት በባትሪው ብዙ አትተማመኑ። እርሳስ ያለበት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ አፉን በጥፍር ስትነኩት ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ክሪስታል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉም እርሳስ አለበት ማለት ግን አይደለም።

ባትሪውን ራሱን መናቅ

የ365ቱ ብርሃን ደብዛዛ ስለሚመስል ያዘናጋል፤ ዓይን ግን ይጎዳል። ሌንሱን በቀጥታ አትዩ። ልጆች ባትሪውን ካገኙ ወዲያው ብር ኖት ፍለጋ ነው የሚሮጡት። ይሞክሩት፤ አንዱ ሌላው ዓይን ላይ እንዳያበራ ግን አጠገባቸው ሁኑ።