በራሱ ሶፍት የሚያወጣ ማሽን፦ አመራረጡ፣ አተካከሉና አያያዙ

በሆቴል፣ በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተተክሎ፣ እጅ ሲቀርብለት ሶፍት ለክቶ የሚያወጣ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ማሽኑን ሳይሆን ሶፍቱን ነው። ጥቅሎቹ ቤት ውስጥ ከምንጠቀምባቸው ይተልቃሉ፤ የእጅ ማድረቂያው ጥቅል ስፋት ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የመጸዳጃው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ አምራቾች ማሽናቸው የሌላ ድርጅት ጥቅል እንዳይቀበል የመሐል ካርቶኑን ማቀፊያ ለየት አድርገው ስለሚሠሩት፣ ጥቅሉ ከገበያ ሲጠፋ ማሽኑ ግድግዳ ላይ ያለ ሥራ ይቀራል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በአቅራቢያዎ ዘወትር የሚገኘውን ጥቅል ስፋት፣ ውፍረትና የመሐል ቀዳዳ ይለኩ፤ ከተቻለም አንዱን ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት።

ቀጥሎ የሚታየው የኃይል ምንጩ ነው። ብዙዎቹ በትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩ ሲሆን፣ ባለ 1.5 ቮልት አራት ድንጋዮች ተያይዘው 6 ቮልት ይሰጣሉ። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ በባትሪ የሚሠራው፣ በተለይም ድንጋዩ ሲያልቅ በእጅ የሚዞር መዘውር ያለው፣ ከሁሉም ይመረጣል። ከአሜሪካ የመጣ በመብራት የሚሠራ ማሽን ከሆነ ግን አስማሚው (አዳፕተሩ) ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ማሽኑ እጅን የሚያውቀው ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ልኮ ተመልሶ ሲመጣ በመቀበል ነው። በዚህ ምክንያት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚመታው ቦታ፣ ከመስታወት ትይዩ ወይም ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ በላይ በጣም ተጠግቶ ሲተከል ማንም ሳይነካው ሶፍት ሊያወጣ ይችላል። ለከፍታው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ጥሩ መመሪያ ነው፤ የመጸዳጃ ሶፍት መውጫ ከወለል ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲሆን ያዛል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ሊደርስበት የማይችል ማሽን በሚገባ ተተክሏል ማለት አይቻልም።

ጥቅሉን ለመሙላት ሽፋኑን በቁልፉ ከፍተው ያለቀውን ካርቶን ያውጡ፤ አዲሱን ክዳኑ ውስጥ በሚታየው ሥዕል አቅጣጫ ያስቀምጡና ጫፉን በሮለሮቹ መካከል አስገብተው ይዝጉ። ከዚያ የሚወጣው ሶፍት ርዝመት በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም የሚስተካከል ከሆነ ከአጭሩ ይጀምሩ፤ ያልበቃው ሰው እጁን እንደገና ማቅረብ ይችላል፣ ተርፎ የተጣለውን ግን የሚመልሰው የለም። በአንዱና በሚቀጥለው ቁራጭ መካከል ያለውን የጥበቃ ጊዜ ትንሽ ማርዘምም ሕፃናት እየተጫወቱ ጥቅሉን እንዳይጨርሱት ይረዳል።

ማሽኑ አልሠራም ሲል ወዲያው ጠጋኝ አይጥሩ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እጅን የሚያውቀው ሴንሰር ላይ የተቀመጠ አቧራ ወይም የደከመ ድንጋይ ነው። ሴንሰሩን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ውሃም ሆነ በረኪና በቀጥታ አይርጩበት። ድንጋዮቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነም የሚያፈሱት ፈሳሽ መገናኛውን እንዳይበላው አውጥተው ያስቀምጡ። የተቀረቀረ ወረቀት በቢላ ሳይሆን ሽፋኑ ተከፍቶ በእጅ ይወጣል።

የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሲርስ እንዳይበጣጠስ ተደርጎ ስለሚሠራ መጸዳጃው ውስጥ ከተጣለ ቱቦ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከማሽኑ ሥር ክዳን የሌለው የቆሻሻ ቅርጫት መኖር አለበት። የማሽኑ ቁልፍና ትርፍ ድንጋዮቹ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ተቆልፈው ሳይሆን፣ ጥቅሉ ማለቁን ከማንም በፊት በሚያዩት በጽዳት ሠራተኞች እጅ ይሁኑ።